በበረዶ የተሸፈነ የባቡር መስመር ፍለጋ፦ ከፊንሴ በስኪ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኖርዌይ ውስጥ ያለችው ፊንሴ ደግሞ 1,222 ሜትር ላይ ናት። ሁለቱንም የወለዳቸው ባቡር ነው። አንዷ ላይ ሰው ጥላ ሲፈልግ ይውላል፤ ሌላዋ ላይ ግን በሐምሌ እንኳ ያልቀለጠ በረዶ ይታያል።

የሚያመሳስላቸው ይህ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ለጅቡቲው መስመር ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። የኖርዌይ ፓርላማም በፊንሴ የሚያልፈውን የቤርገን መስመር ከቮስ ከተማ ወደ ተራራው እንዲወጣ የወሰነው በዚያው ዓመት ነው። ኖርዌዮቹ በ1909 አስመረቁ፤ የኛው አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ኦስሎ ነው የምኖረው። ስኪ የተማርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ የሰፈር ሕፃናት በአጠገቤ ሽው እያሉ ሲያልፉ። ጎበዝ አይደለሁም። የድሮ ሐዲድ ግን ይስበኛል። ስለዚህ ይህች መመሪያ እንደኔ ላለ ሰው ናት፦ ቆሞ መንሸራተት ለሚችል፣ ለውድድር ለማይመኝ፣ አንድ የሚፈልገው ነገር ካለ ግን ቀኑን ሙሉ ለመሄድ ለማይሰለች።

የምንፈልገው ምንድን ነው?

ከፊንሴ ወደ ምዕራብ፣ በሃሊንግስኬይድ ጣቢያ አቅጣጫ ያለውን አሮጌ መስመር ነው። ባቡሩ በታውገቫትን ሐይቅ አጠገብ 1,301 ሜትር ድረስ ይወጣ ነበር። የመስመሩ ሁሉ ጣሪያ እዚያ ነበር። ችግሩ በረዶው ነበር። በየዓመቱ ነፋስ ያመጣውን ክምር ሲጠርጉ ኖረው፣ በ1993 ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ከፍተው ባቡሩን ከተራራው ስር አስገቡት። አሮጌው መስመር ላይ የቀረው የድንጋይ ግንብ፣ የተቆረጠ አለት፣ የጠባቂዎች ቤትና የእንጨት ፍርስራሽ ነው።

ከጎኑ ራላርቬገን የሚባለው መንገድ አለ። ራላር ማለት የሐዲድ ቀን ሠራተኛ ነው። ተራራው ላይ ምንም መንገድ ስላልነበረ፣ ሐዲዱን ከመዘርጋታቸው በፊት ዕቃ ማመላለሻ መንገድ መሥራት ነበረባቸው። ዛሬ በበጋ ብስክሌተኛ የሚርመሰመስበት ያ ነው። በበረዶ ወቅት ግን ማንም አይጠርገውም።

ሁለት መድረሻ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የፊንሰቫትንን ሐይቅ ሰሜናዊ ዳር ይዛችሁ፣ የአሮጌውን መስመር ግንብ ለይታችሁ እስክታዩ ሂዱና ተመለሱ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ልምድ ያላችሁ ደግሞ ፋገርኑት የሚባለውን የጠባቂ ቤት አስቡ። ከፊንሴ ሃሊንግስኬይድ በራላርቬገን 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቤቱ አጋማሹ ገደማ ላይ ነው። ደርሶ መልሱን ደምሩት። ሙሉ ቀን ነው፣ ያውም አየሩ ከፈቀደ።

ጊዜ ምረጡ

መጀመሪያ የቃል ነገር። «ክረምት» ስል ዝናብና ጭቃ የሚታያችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ «የበረዶ ወቅት» እላለሁ።

ጃንዋሪ ላይ አትሂዱ። ቀኑ አጭር ነው፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ማርችና የአፕሪል መጀመሪያ ነው ጥሩው። ቀኑ ይረዝማል፣ በረዶውም ይጠነክራል። የፈረንጆቹ ፋሲካ ሳምንት ግን ኖርዌያዊ ሁሉ ተራራ ላይ ነው፤ አልጋም የባቡር ወንበርም ቀደም ብሎ ያልቃል። ሕዝብ መኖሩ ደግሞ ለጀማሪ አይከፋም። ከፊታችሁ የተሄደበት ፈለግ አለ፤ ብትወድቁም የሚያነሳችሁ ሰው አይጠፋም።

ቲኬትና አልጋ

ፊንሴ በመኪና አይኬድም፤ መንገድ የላትም። ከኦስሎ በባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቤርገን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከኦስሎ የምትነሱ አንድ ሌሊት ማደራችሁ አይቀርም። ቲኬት ላይ ያለውን ሰዓት እንደተጻፈው በፈረንጅ አንብቡት። አንድ ጓደኛዬ በልማድ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ባዶ ሐዲድ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ማደሪያ ሁለት ዓይነት ነው። ጣቢያው አጠገብ ሆቴል አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ የኖርዌይ ተራራ ተጓዦች ማኅበር ቤት፣ ፊንሰሂታ፣ አለ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለአባል ይቀንሳል፣ ማታ ገበታው ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ፣ መንገዱ ዛሬ እንዴት እንደዋለም እዚያው ትሰማላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አረጋግጣችሁ ያዙ።

ስኪው

ከተማ ጫካ ውስጥ የምትለማመዱበት ቀጭን ስኪ እዚህ አይሆንም። ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ብረት የሆነ የተራራ ስኪ ያስፈልጋል። ነፋስ የላሰው በረዶ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ ብረቱ ነው የሚቧጥጠው። ሰም መቀባት ያልለመደ ሰው ከስሩ ጸጉር መሰል ጨርቅ የተለጠፈበትን ስኪ ይከራይ። ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ አይመልሳችሁም። ሰም ከቀባችሁ ግን ቀለሙን ከብርዱ ጋር አስተያዩ፦ አረንጓዴ ለከባዱ ብርድ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛው፣ ቀይ በረዶው ሲረጥብ።

ገንዘብ የሚያሳስባችሁ ቡዋ የሚባለውን የዕቃ ማዋሻ ጠይቁ። በብዙ ከተማ አለ፤ የስፖርት ዕቃ በነፃ ያውሳል። የተራራ ስኪ ላይኖራቸው ይችላል፤ ለልምምድ የሚሆን ግን አይጠፋም።

ጫማውን ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት አድርጋችሁ ተንጎራደዱ። እኔ ከአንድ ኪራይ ቤት «ልክህ ነው» ተብዬ የወሰድኩት ጫማ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተረከዜን ልጦ አስመልሶኛል።

ልብስ፦ ጋቢው ቤት ይቅር

ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ ከዚያ እናንተን ያበርዳችኋል። ጂንስም ያው ነው። የመንዝ ሰው ባና እና በርኖስ የሚለብሰው ወዶ አይደለም፤ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ኖርዌዮችም «ሱፍ ወርቅ ነው» ይላሉ።

ከስር ስስ ሱፍ፣ ከላይ ሌላ ሱፍ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬትና ሱሪ። ሲነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ካላላችሁ ለብሳችሁ አብዝታችኋል። አሥር ደቂቃ ስትሄዱ ላብ ይመጣል። የወፈረውን ጃኬት ቦርሳ ውስጥ አድርጉት፤ የሚለበሰው ስትቆሙ ነው። መለዋወጫ ጓንት ግዴታ ነው። ጓንት በነፋስ ሲሄድ አይታችሁ ካላወቃችሁ ታያላችሁ።

የፀሐይ መነጽርም አትርሱ። የበረዶ ነጸብራቅ ዓይን ያቃጥላል። «እኛ ጥቁሮች ፀሐይ አትነካንም» የሚለውን ተዉትና አፍንጫችሁንና ከንፈራችሁን ቅባት ቀቡ።

ቦርሳ ውስጥ

የወረቀት ካርታና ኮምፓስ። የእጅ ባትሪ፣ በግንባር የሚታሰረው። የበረዶ አካፋ። ሁለት ሦስት ሰው ተያይዞ የሚገባበት የነፋስ ጆንያ። ቁስል መጠቅለያ። የምትቀመጡባት ቁራጭ ስፖንጅ፤ ዋጋዋ ኢምንት ነው፣ ያለ እሷ በረዶ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል።

ስልክ ካርታ አይደለም። ብርድ ባትሪውን ይበላዋል። እኔ ውጪ ኪሴ ውስጥ አድርጌው 60 ከመቶ የነበረው ድርግም ብሏል። ደረታችሁ ላይ፣ ከሱፉ ውስጥ አድርጉት። እርዳታ ለመጥራት ሕክምና ከሆነ 113፣ ሰው ጠፍቶ ከሆነ ፖሊስ 112 ነው። «የልፕ 113» የሚባለውን አፕ ጫኑት፤ ስትደውሉ ያላችሁበትን ቦታ ያሳውቃል።

ስንቅ ላይ እኛን የሚበልጠን የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምር፣ ለውዝ። ጭኮ ለዚህ የተሠራ ምግብ ነው፦ ገብስና ቅቤ፣ ትንሽ ጉርሻ፣ ብዙ ጉልበት። ግን ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል። በትንንሹ ጠቅልላችሁ ውስጥ ኪስ ያዙት። ሁዳዴ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ቅቤው ይቅርና በሶውን በስኳርና በዘይት አሹት። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ለዚህ ጉዞ መነሳት ግን አይሆንም። የሚጾም ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ ወይም የንስሐ አባቱን ያማክር። ሮመዳንም ላይ ያው ነው።

ሻይ በፔርሙስ፣ ስኳሩ ጠበቅ ብሎ። ኖርዌዮቹ ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ የሚባል ቸኮሌት ይዘው ይወጣሉ። መጠቅለያውን ገልብጡት፤ ዘጠኙ የተራራ ሕጎች ታትመውበታል። ስምንተኛው «በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። እኔ ከዘጠኙ ውስጥ እሱን ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

የጠዋቱ ውሳኔ

ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ዩር በሚባለው የአየር ትንበያ ላይ ነፋሱን። ሙቀቱን ሳይሆን ነፋሱን። በሴኮንድ 10 ሜትር ካለፈ በረዶውን ከመሬት እያነሳ ያበነዋል፤ ስኪያችሁን ራሱ ላታዩት ትችላላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ካርታ ተጫወቱ። ሁለተኛ፣ ቫርሶም በሚባለው ድረ ገጽ ላይ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያውን። ከ1 እስከ 5 ነው የሚሰጠው። ለጀማሪ 3 ሲል «ነገ» ማለት ነው።

ቁጥሩ ትንሽም ቢሆን ካርታው ላይ ቁልቁለቱን አጥኑ። ናዳ የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ቦታ ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ብትሆኑም ከላይ ያለው ይመጣል። ግምቱ እንዲህ ነው፦ የገደሉን ከፍታ በሦስት አባዙት፤ እዚያ ርቀት ድረስ ሊደርስ ይችላል። መንገዳችሁ እዚያ ውስጥ ከገባ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

በበጋ የሚያገለግለው ቀይ የ«ቲ» ምልክት አሁን በረዶ ውስጥ ነው። የበረዶ ወቅት ምልክቱ በረድፍ የተተከለ እንጨት ነው። በዚያ ሰሞን የት የት እንደተተከለ ማደሪያው ቤት ይነግሯችኋል። ወዴት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ እዚያው ተናገሩ።

መውጣት

ጣቢያው ላይ ሐዲዱን በተፈቀደው ማቋረጫ ብቻ ተሻገሩ። ሕያው መስመር ነው። ከላይ ያለው ሽቦ 15,000 ቮልት ይሸከማል፤ በረዶ ውስጥ የሚመጣ ባቡር ድምፁ እንደለመዳችሁት አይሰማም። ደንቤ አንድ ነው፦ ሽቦ ካያችሁ ባቡር አለ በሉ።

ሐይቁ ላይ ሌሎች ሲሄዱ ታያላችሁ። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ግን በረዶው ስስ ነው፤ ዳሩን ያዙ።

ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ነው። ስትሄዱ ፊታችሁን ይመታችኋል። ይህ መልካም ነው፤ ደክሟችሁ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋችኋል። አንዳንድ ቀን ግን ሲሄዱ ከኋላ ይሆንና «ጎበዝ ሆኛለሁ ማለት ነው» ትላላችሁ። አልሆናችሁም። ዞር ብላችሁ ሁለት መቶ ሜትር ተመለሱና ሞክሩት።

ብርድ ፊታችሁን እንዳልጎዳው በየሃያ ደቂቃው ተያዩ። የመመሪያ መጽሐፍ «ፊት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ፈልግ» ይላል። በኛ ቆዳ ላይ ነጩ በደንብ አይለይም። ግራጫ ወይም አመድማ ይሆናል፣ ሰም የተቀባ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ። ጓንት አውልቃችሁ ጉንጩን ንኩት፤ ከደነደነና ስሜት ካጣ በሞቀ መዳፍ ያዙት። አትሹት።

በበረዶ ውስጥ ሐዲድ ማንበብ

የመጣንበት ጉዳይ ይህ ነው። ሁሉም ነጭ ነው። ታዲያ የቱ ነው ባቡር የሄደበት?

ባቡር ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ ያንሸራትታል። የቤርገን መስመር በጣም ሽቅብ በሚወጣበት ቦታ እንኳ በ100 ሜትር 2 ሜትር ገደማ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ተራራው ጎን ላይ ተፈጥሮ ያላሰመረችው ዓይነት መስመር ፈልጉ፦ እጅግ ለጥ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ። ከፍ ዝቅ ካለና ድንጋይ እየዞረ ከሄደ ራላርቬገን ነው። ፈረስ መዞር ይችላል፤ ባቡር አይችልም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ምንም አታዩም። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ የግንቡ ጥላ እንደ እርሳስ መስመር ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ፈልጌ ያጣሁትን፣ ስመለስ ቆሜበት ኖሮ አየሁት።

ሌላው ምስጢር ነፋሱ ነው። ነፋስ ከፍ ያለውን ግንብ ይጠርገዋል፣ አለት ተቆርጦ የተሠራውን ጎድጓዳ ደግሞ ይሞላዋል። ስለዚህ መስመሩ ቁርጥርጥ እያለ ነው የሚታየው። ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ወዲያ ማዶ እንደገና ብቅ ይላል። ሲጠፋ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ አትፈልጉ። ባላችሁበት ከፍታ ወደ ፊት ተመልከቱ።

ከዚያ ቀረብ ብላችሁ ድንጋዩን እዩ። የተጠረበ፣ ማዕዘን ያለው፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ከሆነ ደርሳችኋል። የተቆረጠ አለት ካገኛችሁ ጓንታችሁን አውልቁና ዳስሱት። አንዳንዱ ላይ ግማሽ ቱቦ የመሰለ ቦይ አለ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ። የመሰርሰሪያ ምልክት ነው። አንዱ ብረቱን ይዞ ያሽከረክራል፣ ሌሎቹ በመዶሻ ይቀጠቅጣሉ፣ ከዚያ ዲናሚት ይገባል። የ5.3 ኪሎ ሜትሩ የግራቭሃልስ ዋሻ፣ ከዚህ ወደ ምዕራብ ያለው፣ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ተራራው ጠንካራ አለት ነው።

ከበረዶው ወጣ ያለ ሳንቃ ወይም ምሰሶ ካያችሁ የበረዶ አጥር ወይም ሐዲዱን ይሸፍን የነበረው የእንጨት ጣሪያ ቅሪት ነው። ከሩቅ ፎቶ አንሱ። ውስጡ አትግቡ። እንጨቱ በስብሷል፣ ከላይ የተንጠለጠለው በረዶም ጦር ነው። የድሮ ዋሻም እንደዚሁ።

ፋገርኑት ላይ

እስከዚያ ከዘለቃችሁ ቤቱ በበረዶ ወቅት ዝግ መሆኑን እወቁ። የምትሄዱት ለማየት ነው። ነፋስ በቤቱ ዙሪያ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሰማዩ ሲደምን ጉድጓዱ አይታይም። በዱላችሁ እየነካችሁ ተጠጉ። ነፋስ በማይመታው በኩል ስፖንጃችሁን ዘርግታችሁ ሻያችሁን ቅዱ። የሐዲድ ጠባቂ እዚህ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር። ሥራው በእግሩ እየሄደ መስመሩን ማየት ነበር፦ ድንጋይ ወድቋል ወይ፣ በረዶ ሞልቷል ወይ። እናንተ ለመዝናናት የመጣችሁበት ነፋስ የእሱ የዘወትር ሥራ ነበር።

መመለሻ ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። ደረሳችሁም አልደረሳችሁም በዚያች ሰዓት ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ቤቱ መቶ ሜትር ሲቀር ሰዓቱ ከሞላ ያስቆጫል፤ እኔን አስቆጭቶኛል። በቀጣዩ ዓመት ግን እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።

ማታ

ጫማውን ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል። ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበትና ከራቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። የስኪውን ጨርቅ በደረቅ ፎጣ ጥረጉ፣ አለዚያ ጠዋት በረዶ ጠፍሮት ታገኙታላችሁ።

በማግስቱ ወደ ቤርገን የምትቀጥሉ ከሆነ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ባቡሩ ከፊንሴ እንደወጣ ዋሻው ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ይጠቁርና የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የለፋችሁበት ተራራ በዚያች ሰዓት ከላያችሁ ነው። ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ታልፉታላችሁ።